መኪናዬ ዳገት ላይ ትሞቃለች፤ ሦስት መካኒክ ሦስት ነገር ነገረኝ

ኮሮላ_ከሽምብጥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናዬ የ2003 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ቤንዚን። ለጥምቀት እናቴን ይዤ ከባሕር ዳር ጎንደር ወጥቼ ነበር። እስከ ወረታ ምንም አላለችም። የፎገራን ሜዳ ጨርሰን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የሙቀቱ ቀስት ከግማሽ ማለፍ ጀመረ። ኤሲውን አጠፋሁ፣ ትንሽ ወረደ። ወዲያው ደግሞ ወጣ። ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል ዳር ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት የወጣው ወላፈን ፊት ይለበልባል። አርባ ደቂቃ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከዚያ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ እየጎተትኩ ደረስን። ሜዳ ላይ ግን ምንም እንዳልነበረባት ናት። ከተማ ውስጥም ምንም የለባትም።

ከተመለስኩ በኋላ ሦስት ቦታ አሳየኋት። አንዱ «የውሃ ፓምፕ ነው» ብሎ አስቀየረኝ። ለውጥ የለም። ሌላው «ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ይከፈት» አለ። ሦስተኛው «ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተን እንጣለው፣ ውሃው እንደ ልቡ ይዙር» አለ።

ውሃ አትጎድልም። ጭስ የለም። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቴ አዲስ አበባ የዓይን ቀጠሮ አላት። የአባይን በረሃ በዚህች መኪና ልግባ ወይስ በአውቶቡስ እንሂድ? ገንዘቤን በማያስፈልግ ቦታ ጨርሻለሁ፣ እባካችሁ በደንብ አስባችሁ መልሱልኝ።

---

ሚኒባስ_ጎንደር_መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ቴርሞስታቱን አውጪው እህቴ። እኔ ካወጣሁ አምስት ዓመቴ ነው። ሞቃ አታውቅም። የእኛ አገር አየር ቴርሞስታት አይፈልግም፣ እሱ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው።

---

ጋራዥ_አባይ_ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ ቴስታታውን አታስከፍቺ። ቴርሞስታቱንም አታስወጪ። መጀመሪያ የጻፍሽውን እንየው።

ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ቢሆን ውሃ ይጎድልሽ ነበር። ወይ ደግሞ ጠዋት በብርዱ ስታስነሻት ክዳኑ ጋ አረፋ ይንተከተክ ነበር። የላይኛው ማኒኮቶም (የራዲያተሩ የውሃ ጎማ) ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ይሆን ነበር። ፋኑ ቢሆን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከተማ ውስጥ ስትቆሚ ትሞቅና መንገድ ስትይዢ ንፋሱ ያበርዳታል። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ደርቆ ቢሆን ዳገት አይመርጥም፣ ገና ከሰፈር ሳትወጪ ያፈላታል።

ያንቺ ግን ሥራ ሲበዛባት ብቻ ነው የምትሞቀው። ኤሲ ሲጠፋ ትንሽ ትተነፍሳለች። ይህ ራዲያተሩ ሙቀቱን ማስወጣት አቅቶታል ማለት ነው። ወይ አየር አያልፍበትም፣ ወይ ውሃ አያልፍበትም። ሁለቱም በቆሻሻ ነው።

አሁን አንድ ነገር አድርጊ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ኮፈኑን ክፈቺና የስልክሽን መብራት ከላይ ወደ ታች አብሪ። ከፊት በፍርግርጉ በኩል የምታዪው ራዲያተሩ አይደለም፤ የኤሲው ኮንደንሰር ነው፣ የኤሲውን ሙቀት የሚያስወጣው። ራዲያተሩ ከኋላው ነው ያለው። በመሃላቸው የጣት ያህል ክፍተት አለ። ቆሻሻው የሚተኛው እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ከፊት አይቶ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይዘጋዋል።

የኛ አካባቢ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። ማታ በሐይቁ ዳር ስትነጂ መብራትሽ ላይ የሚርመሰመሰውን ትንኝ አስቢው። እሱ ራዲያተሩ ላይ ሲደርቅ ሙጫ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የፎገራ ገለባ ይመጣበታል፤ ጭድ የጫነ መኪና ተከትለሽ ከሄድሽማ አለቀ። ከዚያ የጢስ አባይ መንገድ አቧራ ይነሰነስበታል። ሦስቱ ተጋግረው ጨርቅ ይሆናሉ። አየር በጨርቅ ውስጥ አያልፍም።

ለሚኒባስ ወንድማችን፤ ቴርሞስታት ለበረዶ አገር ብቻ አይደለም። ብዙው ቶዮታ ላይ ያለው 82 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው መከፈት የሚጀምረው። እስከዚያ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ ውሃውን ይይዘዋል። ስታወጣው ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል፣ ፒስተንና ቀለበቱ ቶሎ ያልቃል። አምስት ዓመት አለመሞቁ እውነት ነው። በዚያ አምስት ዓመት ስንት ሊትር ቤንዚን በከንቱ እንደሄደ ግን ቀስቱ አያሳይህም።

---

ሚኒባስ_ጎንደር_መስመር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እሺ ጌታዬ፣ ነዳጅ ትበላለች የምትለው እውነት ነው። እኔ ካርቡሬተሩ መስሎኝ ነበር። ነገ አባይ ማዶ ብቅ እላለሁ።

---

የበረሃ_ሾፌር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ልጄ፣ እንዴት አደርሽ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ እንጂ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ጭኛለሁ። ጋራዥ ያለው ልጅ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ውሃው ነው።

እኛ በወጣትነታችን ራዲያተር ላይ ያልጨመርነው ነገር የለም። የወንዝ ውሃ፣ የቧንቧ ውሃ፣ የጉድጓድ ውሃ። ሲያፈስ ሳሙና ጠቅጥቀንበታል፣ እንቁላል ሰብረንበታል። ያን ቀን ያደርስሻል። ግን እንቁላሉ ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ የራዲያተሩ ቱቦዎች እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ናቸው፣ እነሱንም ይደፍናል። በኋላ ራዲያተሩን ቀዶ የሚያጥብ ሰው ዘንድ ስወስድ ከውስጡ የወጣውን አይቼ ነው የተውኩት።

የቧንቧ ውሃም ቢሆን ንጹሕ አይምሰልሽ። ቤትሽ ያለውን ማንቆርቆሪያ ገልብጪና ታቹን እዪ። ያ ነጭ ቅርፊት ሞተርሽ ውስጥም ይጋገራል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቢጋገር ሻይሽ ይዘገያል። ሞተር ውስጥ ሲጋገር ብረቱ ሙቀቱን ለውሃው ማቀበል ያቅተዋል።

አንድ ሌላ ነገር። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል እንጂ 100 አይደርስም። ከአባይ በረሃ ማዶ ከፍ ያለችው ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ 92 አካባቢ ነው። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚያድነው ክዳኑ ነው። ክዳኑ ውስጥ ስፕሪንግና ጎማ አለ፣ ግፊት ይይዛል። ግፊቱ ሲያዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ምንም ብታጥቢ ዳገት ላይ ይፈላብሻል። ርካሽ ዕቃ ነው፣ አዲስ ግዢ።

ሲሞቅ ግን ክዳኑን አትንኪ። አንድ ረዳቴ ጎሃ ጽዮን ላይ በጨርቅ ይዞ ከፈተው። ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ እስከዛሬ አለ።

---

ባጃጅ_14 | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

የኛ ባጃጅ ራዲያተር የለውም፣ በንፋስ ነው የሚበርደው። ግን ነገሩ አንድ ነው። ሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉት ሽንሽኖች ውስጥ ክረምት ላይ ጭቃ ይገባና ይደርቃል። ማጽዳት ትቼ አንድ በጋ ሞተር ነክሶብኛል (በሙቀት ተጣብቆ ቆሟል)። አሁን በየሳምንቱ በቀጭን እንጨት እፈቀፍቀዋለሁ።

ላቫጆ ለምትወስዱ፣ በፕሬዠር ውሃ በቅርብ አትምቱት። ሽንሽኑ ይተኛል።

---

ጋራዥ_አባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ባጃጅ ወንድሜ ትልቅ ነገር ተናግሯል። የራዲያተር ሽንሽን ከወረቀት ብዙም አይወፍርም። የላቫጆ ፕሬዠር በቅርብ ከመታው ይጠፈጠፋል፤ ያኔ ቆሻሻው ወጥቶ አየሩም አብሮ ይዘጋል። ውሃው በአትክልት ማጠጫ ጎማ ይበቃል። ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይረጭ። ቆሻሻው በገባበት በኩል ነው የሚወጣው። ከፊት ከረጨሽው የባሰ ወደ ውስጥ ትጠቀጥቂዋለሽ። ትንኙ ከደረቀ ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምረሽ ርጪና ሩብ ሰዓት ይራስ።

---

ዘጌ_ጀልባ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

እኔ የመኪና ሰው አይደለሁም፣ ቱሪስትና ምዕመን ወደ ዘጌ ገዳማት አመላልሳለሁ። ግን ይህን ሳነብ የራሴን ሞተር አየሁት።

የጀልባችን ሞተር ራዲያተር የለውም፤ ራዲያተሩ ጣና ነው። ከታች በወንፊት ሐይቁን ይስባል፣ ሞተሩን ያበርዳል፣ መልሶ ይተፋል። ከጎኑ ሁልጊዜ ቀጭን ውሃ ሲወርድ ይታያል። እኔ ዓይኔ ከዚያ ውሃ ላይ አይነሳም። ከቀጠነ ወይ ከቆመ ወዲያው አጠፋለሁ። ወይ የእምቦጭ ሥር ነው፣ ወይ ፌስታል ነው ወንፊቱ ላይ የተጠመጠመው። እምቦጭ ጣና ላይ ጎልቶ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሰሜን ምሥራቁ ዳር ስንሄድ እጅጌ ሰብስቦ ሥር መንቀል የሥራው አካል ሆኗል። ፌስታሉ ግን ከእምቦጩ ይከፋል። ሥሩ ይበጠሳል፣ ፌስታል አይበጠስም።

መንገደኛ «ምን ታያለህ?» ይለኛል። ውሃውን ነዋ። እህቴ፣ አንቺም ቀስቱን እንዲሁ ልመጂው።

---

ኮሮላ_ከሽምብጥ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ከሰፈራችን ልጅ ጋር ግማሽ ቀን ሠራንበት። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ፋኑን ፈታን። የራዲያተሩን የላይ ማሰሪያዎች ፈትተን ወደ ኋላ ትንሽ ገፋ አደረግነው። መብራት ስናበራ እኔ የአምራቹ ስፖንጅ መስሎኝ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ስፖንጅ አልነበረም። ከታች እስከ መሃል ድረስ ግራጫ ሆኖ የተነጠፈ ነገር ነው። በጣቴ ጫፉን ስይዘው እንደ ብርድ ልብስ ተላጠ። ውስጡ የትንኝ ክንፍ፣ የሩዝ ገለባ፣ የዶሮ ላባ፣ አንድ ሙሉ የውሃ ተርብ ከነክንፉ፣ የሰማያዊ ፌስታል ቁራጭም ነበር። ከታች በኩል ጭቃ ሆኖ ደርቋል። የተላጠው ብቻ አንድ የእንጀራ ሰፌድ ግማሽ ሸፈነ። እናቴ ወጥታ አየችና «እንዲህ ታፍና ነው ጎንደር የወሰደችን?» አለች።

በለብ ውሃና በሳሙና አራስነው፣ ከኋላ ወደ ፊት በጎማ አጠብነው። ፊቱ ላይ የሚወጣው ውሃ መጀመሪያ ጥቁር ነበር፣ ከዚያ ቡኒ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ጠራ። የተኙትን ሽንሽኖች በጥርስ ብሩሽና በቀጭን ቢላ ጀርባ ቀና ቀና አደረግናቸው። አሁን መብራት ከአንዱ በኩል ሲበራ በሌላው በኩል ይታያል።

ከዚያ ክዳኑን ከፈትን። ውሃው የጠላ ቀለም ነው። ይህን ምን ላድርገው?

---

ጋራዥ_አባይ_ማዶ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡05

እሰይ! ግማሹ ሥራ አልቋል።

የጠላ ቀለም ዝገት ነው። ለብዙ ጊዜ ባዶ ውሃ ብቻ ሲጨመርባት ኖሯል። ኩላንት የሚባለው ከውሃው ጋር የሚቀላቀል ፈሳሽ ለቅዝቃዜ አገር ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጥቅሙ እዚህ ዝገቱን መከላከሉና የመፍያውን ነጥብ ከፍ ማድረጉ ነው።

ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ ሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ፍቺ። ሰፊ ሳፋ አስቀምጪበት። ሲያልቅ ዝጊ፣ ንጹሕ ውሃ ሙይ፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ወደ ሙቅ አዙሪው። የማሞቂያው ራዲያተርም ትንሽ ራዲያተር ነው፣ እሱም ይታጠብ። አስነሻት። የላይኛው ማኒኮቶ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል ማለት ነው፤ አሁን ውሃው ሁሉንም ቦታ እየዞረ ነው። ከዚያ አጥፍተሽ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፣ አፍስሺ። አንድ ጊዜ አይበቃም። ራዲያተሩ ሲፈስ ከፊሉ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል። የሚወጣው እስኪጠራ ደጋግሚው። ቀዝቃዛ ውሃ በሞቀ ሞተር ላይ በፍጹም አትጨምሪ፣ ቴስታታው የሚሰነጠቀው በዚያ ነው።

በመጨረሻ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል። ያንቺ 5 እስከ 6 ሊትር ገደማ ትይዛለች። የተጣራ ውሃ የባትሪ ዕቃ የሚሸጡ ጋ አለ፤ አሲዱን እንዳይሰጡሽ ተጠንቀቂ። ኩላንቱን በቀለሙ አትምረጪ። አረንጓዴና ቀይ ሲደባለቅ አንዳንዱ እንደ ሙጫ ይረጋል፣ የለፋሽበትን ቱቦ መልሶ ይዘጋዋል። አንድ ዓይነት ገዝተሽ የተረፈውን አስቀምጪ፣ ስትጨምሪም ከዚያው ጨምሪ። ክዳኑን ከፍተሽ አስነሺና የውሃ ጎማዎቹን በእጅሽ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊ፣ የታሰረው አየር ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይውጣ። አየር ከቀረ ንጹሕ ራዲያተርም ይሞቃል።

---

የሐይቅ_ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

አንድ ነገር ልለምን። ያ ሳፋ ውስጥ ያለው ነገር የት ነው የሚደፋው?

እኔ ያደግሁት ሐይቁ ዳር ነው። መኪና ዳር ድረስ ተነድቶ ሲታጠብ፣ ዘይቱና ሳሙናው ወደ ውሃው ሲወርድ በየቀኑ አያለሁ። ኩላንት ከሳሙናም ይብሳል። ብዙው የሚሠራው ከኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው፣ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው። ውሻ ይልሰዋል፣ ድመት ይልሰዋል፣ ልጅ ሊቀምሰው ይችላል፣ ኩላሊትን ነው የሚገድለው። ጥቂቱ ይበቃል።

ጣና ትልቅ ነው ብለን እንዘናጋለን። ስፋቱ ትልቅ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ቆሮሶውም አምባዛውም እዚያው ነው የሚኖረው፣ እኛም እሱን ነው የምንበላው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የሐይቁን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። እባካችሁ በጄሪካን ዘግታችሁ፣ ላዩ ላይ «መርዝ» ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ልጅ የማይደርስበት አስቀምጡት። የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ካወቃችሁ እዚያ ስጡ።

---

ኮሮላ_ከሽምብጥ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያውን ሳፋ ደጃፍ ካለው ቦይ ልደፋው ነበር። የኛ ሰፈር ቦይ ክረምት ላይ ወዴት እንደሚወርድ አውቃለሁ። አሁን ጄሪካን ውስጥ ነው፣ ተጽፎበታል።

---

ጋራዥ_አባይ_ማዶ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ጋ አምጪው እህቴ፣ ከተቃጠለው ዘይት ለይቼ ለብቻው በርሜል አስቀምጣለሁ። ሌሎቻችሁም አምጡ።

---

መምህር_ፋሲሎ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እኔ ራዲያተሩ ፊት የትንኝ መረብ አስሬበታለሁ። ጥሩ ነው ወይስ ጎጂ?

---

ጋራዥ_አባይ_ማዶ | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡40

መምህር፣ ሰፋ ያለ የሽቦ ወንፊት ከሆነ ጥሩ ነው፣ ግን በየሳምንቱ ካወለቁት ብቻ። የአልጋ አጎበር ዓይነት ደቃቅ መረብ ግን አይሆንም። ትንኙ እሱ ላይ ሲሞላ ራዲያተሩ ንጹሕ ሆኖ ይታፈናል፤ ከውጭ ስለማይታይ ይረሱታል። እኔ ብመርጥ መረቡን ትቼ ኅዳር መጨረሻ ላይ አንዴ፣ የካቲት ላይ አንዴ ማጠብን እመርጣለሁ።

---

የበረሃ_ሾፌር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡00

ልጄ፣ ስለ መንገዱ ልምከርሽ። ከባሕር ዳር በጠዋት ተነስተሽ በአንድ ቀን ልጨርሰው ካልሽ በረሃው ውስጥ የምትገቢው በቀትር ነው። ሙቀቱ መኪናሽንም እናትሽንም ይጎዳል። ደብረ ማርቆስ እደሩ። ንጋት ላይ ተነስታችሁ ከደጀን ውረዱ። ስትወርጂ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ነው፣ ሁለተኛ ላይ ያዢያት። ድልድዩን ተሻግረሽ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጪ ኤሲ ይጥፋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከጭነት መኪና ጭራ ሥር አትጣበቂ፤ የሱን ትኩስ አየርና ጭስ ነው የምትስቢው። ቀስቱ ከግማሽ ካለፈ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቺው። እናንተ ትሞቃላችሁ፣ ሞተሩ ግን ይበርዳል። ካልወረደ ቁሚ። አሥር ሊትር ውሃ በጄሪካን ያዢ።

---

ኮሮላ_ከሽምብጥ | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ከጎሃ ጽዮን ነው የምጽፈው። ደብረ ማርቆስ አደርን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። ሽቅብ ስንወጣ እናቴ ከመንገዱ ይልቅ ቀስቱን ነበር የምታየው፤ በየመታጠፊያው «አሁንስ?» ትለኛለች። ከግማሽ በታች ነበር፣ አንዴም አላለፈም። ማሞቂያ አልከፈትንም። ጄሪካኑ እንደታሸገ ነው። አሁን ቁርስ እየበላን ነው፣ ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው።

---

የበረሃ_ሾፌር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡00

ተመስገን። ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍተሽ ውሃውን እዪ፣ የታሰረ አየር ወጥቶ ትንሽ ሊጎድል ይችላል። እናትሽን ሰላም በይልኝ።